የኤች አይ ቪ የትውልድ ስፍራ በዘር ጽሑፍ ንጽጽር እንዴት እንደ ታወቀ

ሕዝቦች ለወረርሽኝ ስም ሲያወጡ ብዙውን ጊዜ የጎረቤታቸውን ስም ይሰጡታል። በ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በኤውሮፓ የተነሣውን የቂጥኝ በሽታ ኢጣልያውያን «የፈረንሳይ በሽታ» ሲሉት፥ ፈረንሳውያን «የናፖሊ በሽታ»፥ ሩሲያውያን ደግሞ «የፖላንድ በሽታ» ብለውታል። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በስፔን ስም የተጠራው በሽታው ከዚያ ስለ ተነሣ አይደለም፤ ስፔን በጦርነቱ ገለልተኛ ስለ ነበረች ጋዜጦቿ የበሽታውን ወሬ ሳይከለከሉ በመጻፋቸው ነው። ኢትዮጵያውያን ያንኑ ወረርሽኝ ሕዝቡን በፈጀበት ወር «የኅዳር በሽታ» ብለው መጥራታቸው በዚህ ረገድ ሊታወስ የሚገባው ነው። ስሙ ጊዜውን ይናገራል እንጂ ማንንም አይከስም።

በሽታው ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ጥንታዊ ነው። በማስረጃ የተደገፈ መልስ የሚሰጥ ዘዴ መገኘቱ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቫይረሶችን የዘር ጽሑፍ ፊደል በፊደል ማንበብና እርስ በርሱ ማነጻጸር ስለ ተቻለ፥ በዓይን የማይታየውና ታሪክ ጸሐፊ ያልነበረው ፍጡር ያለፈበትን መንገድ መከተል ተችሏል። የዚህ ዘዴ ዋና ምሳሌ ኤድስን የሚያመጣው ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ስለ ሕዝቦች አኗኗርና ዝውውር ለሚመራመር ሰው ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። ቫይረሱ የሚጓዘው በሰው ሥጋ ስለ ሆነ፥ የእርሱ የትውልድ ሐረግ የሰዎች ጉዞ መዝገብ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የንጽጽሩ መሠረት

የዘዴው አሳብ ከብራና መጻሕፍት ጥናት ጋር በጣም ይመሳሰላል። አንድ ጸሐፊ ድርሳን ሲገለብጥ አንዲት መሥመር ቢዘል፥ ወይም አንዱን ፊደል በሌላ ቢለውጥ፥ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያንን ግድፈት ይወርሳሉ፤ በላዩም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ አንዱ በጎጃም ሌላው በትግራይ ገዳም የሚገኙ ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት ግድፈት በአንድ ስፍራ ቢገኝባቸው፥ ማን እንደ ጻፋቸው የሚናገር ቃል ባይኖርባቸውም፥ ከአንድ እናት ቅጂ እንደ ተወለዱ ሊቃውንት ይፈርዳሉ። የጋራ ግድፈታቸው የበዛ ቅጂዎች የቅርብ ዘመዳሞች፥ ያነሰ ደግሞ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። የቅጂዎቹ የትውልድ ሐረግ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

የኤች አይ ቪ የዘር ጽሑፍ 9,700 ያህል «ፊደላት» ያሉት ነው። የፊደላቱ ዓይነት 4 ብቻ ሲሆን፥ የተጻፈበት ንጥረ ነገር አር ኤን ኤ ይባላል። ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ ሲገባ ይህን ጽሑፍ ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጥ ኤንዛይም ይዞ ይገባል። ይህ ኤንዛይም የጻፈውን መልሶ እያነበበ የሚያርም ጸሐፊ አይደለም፤ ስለዚህ ግድፈቱ ብዙ ነው። ከግድፈቶቹ አብዛኞቹ ወዲያው ይጠፋሉ። አንዳንዶቹ ግን ለተከታዩ ትውልድ፥ ከአንዱ ሰውም ወደ ሌላው ሰው ይተላለፋሉ። ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች የተገኙትን ጽሑፎች ጎን ለጎን አሰልፈው የትኛው ለውጥ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በሒሳብ ሲመረምሩ፥ የቫይረሱ የትውልድ ዛፍ ይወጣል።

ዛፉ ዘመንንም ይነግራል። ናሙናዎቹ የተወሰዱበት ዓመት የታወቀ እንደ ሆነ፥ ከቀድሞው ናሙና እስከ ኋለኛው ስንት ፊደል እንደ ተለወጠ ተቆጥሮ የለውጡ ፍጥነት ይገመታል። ከዚያም ወደ ኋላ በመቁጠር ሁለት ቅርንጫፎች ከአንድ ግንድ የተለዩበት ጊዜ ይሰላል። የለውጡ ፍጥነት በየቅርንጫፉ እኩል ስላልሆነ፥ መልሱ የሚነገረው በአንድ ዓመት ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ በሚል የዘመን ወሰን ነው። ከዚህም በቀር አንድ ሰው በሁለት ዓይነት ቫይረስ የተያዘ እንደ ሆነ ሁለቱ ጽሑፎች ሊዳቀሉ ይችላሉ። ይህም ሁለት መጻሕፍት በፊቱ ዘርግቶ ከሁለቱም እየለቀመ እንደሚገለብጥ ጸሐፊ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአንድ ዛፍ ላይ የተወሰነ ስፍራ ስለማይኖረው፥ ክፍል በክፍል ተለይቶ ይመረመራል።

ሁለት ምልክቶች

ዛፉ ከተሠራ በኋላ ከምድር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ለዚህም የሚያገለግሉ ሁለት ምልክቶች አሉ።

አንደኛው የልዩነት ብዛት ነው። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየማሳው ያለውን የእህል ዓይነት ብዛት ተመልክቷል። የእርሱ አሳብ አንድ ተክል የተወለደው ዓይነቱ እጅግ በሚበዛበት ስፍራ ነው የሚል ስለ ነበረ፥ ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መነሻ ማዕከሎች እንደ አንዱ ቆጥሯታል። አሳቡ ለጤፍና ለእንሰት ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ ለስንዴ ግን አልሠራም። የስንዴ የዱር ወላጅ የሚገኘው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። በኢትዮጵያ ዓይነቱ የበዛው፥ ከገባ በኋላ በየደጋውና በየወይና ደጋው በልዩ ልዩ መሬት ላይ እጅግ ረጅም ዘመን በመዘራቱ ነው። ስለዚህ የልዩነት ብዛት አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ የኖረበትንና የተባዛበትን ስፍራ ያመለክታል፤ የተወለደበትን ስፍራ ግን ሁልጊዜ አያመለክትም።

ሁለተኛው ምልክት የዱር ዘመድ ነው። የስንዴን የትውልድ ስፍራ የወሰነው የዱር ወላጁ የበቀለበት ምድር እንደ ሆነ ሁሉ፥ ከእንስሳ ወደ ሰው የተሻገረ ቫይረስም የቅርብ ዘመዱን የተሸከመው እንስሳ የሚኖርበት ስፍራ መሻገሪያውን ያመለክታል። በኤች አይ ቪ ጉዳይ እነዚህ ሁለት ምልክቶች ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመራሉ። ከዚህ በታች የሚታየው ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ነው።

የዱር ዘመዱ የተገኘበት ጫካ

ኤድስ በሐኪሞች ዘንድ መጀመሪያ የታወቀው በ1981 በአሜሪካ ነው። ቫይረሱ በ1983 በፓሪስ በፓስተር ተቋም በፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲ፥ በሉክ ሞንታኚዬና በባልደረቦቻቸው ተለይቶ ታወቀ፤ ሁለቱም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1986 ደግሞ ከምዕራብ አፍሪቃ በመጡ ሕሙማን ላይ ሁለተኛ ዓይነት ቫይረስ ተገኘ፤ ኤች አይ ቪ 2 ተባለ። የዚህ የሁለተኛው የዱር ዘመድ ማንጋቤ በሚባል በምዕራብ አፍሪቃ ጫካ በሚኖር ጦጣ ላይ ተገኝቷል፤ የቫይረሱ ስርጭትም በአብዛኛው በዚያው በምዕራብ አፍሪቃ ተወስኖ ቀርቷል።

ዓለምን ያዳረሰው ኤች አይ ቪ 1 ሲሆን፥ እርሱም ኤም፥ ኤን፥ ኦና ፒ በተባሉ 4 ቡድኖች ይከፈላል። ቡድኖቹ እርስ በርሳቸው ካላቸው ዝምድና ይልቅ እያንዳንዱ በዝንጀሮ መሰል ታላላቅ እንስሳት ላይ ከሚገኝ ቫይረስ ጋር ያለው ዝምድና ይቀርባል። ኤምና ኤን የቺምፓንዚ፥ ኦና ፒ የጎሪላ ቫይረሶች ዘመዶች ናቸው። ከዚህም የተነሣ ወደ ሰው የተደረገው መሻገር አንድ ጊዜ ሳይሆን ቢያንስ 4 ጊዜ እንደ ሆነ ታውቋል። መሻገሩ የሆነው አውሬ ሲታደንና ሥጋው ሲበለት የእንስሳው ደም ከአዳኙ ቁስል ጋር በመገናኘቱ እንደ ሆነ በብዙ ተመራማሪዎች ይታመናል።

በ1999 የታተመ ጥናት የኤች አይ ቪ 1ን ዘመድ የሚሸከመው በመካከለኛው አፍሪቃ የሚኖረው የቺምፓንዚ ዘር መሆኑን አመለከተ። ይህ ግን ስፋቱ ብዙ አገሮችን የሚያካልል ምድር ነው። ቦታውን ለማጥበብ የዱር ቺምፓንዚዎችን ቫይረስ ከየጫካው መሰብሰብ አስፈለገ፤ እንስሳቱን ይዞ ደም መውሰድ ደግሞ የማይቻልና የማይገባ ነበር። ስለዚህ በጫካው ወለል ላይ የወደቀ ፋንድያቸው ተሰበሰበ። በ2006 የታተመው ጥናት በደቡብ ካሜሩን ከ10 ስፍራዎች የተለቀሙ ወደ 600 የሚጠጉ የፋንድያ ናሙናዎችን መርምሯል። በእነዚህ ውስጥ ከተገኙት ቫይረሶች ለቡድን ኤም እጅግ የሚቀርቡት በካሜሩን ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፥ ለቡድን ኤን የሚቀርቡት ደግሞ ከዚያ ወደ ምዕራብ ባለው ጫካ ከሚኖሩ ቺምፓንዚዎች የተገኙት ሆኑ።

ቦታውን እንዲህ አጥብቦ መናገር የተቻለበት ምክንያት አለ። ቺምፓንዚ አይዋኝም፤ ታላላቅ ወንዞች መንጎቹን ለያይተው ስለሚይዙ የእያንዳንዱ አካባቢ ቫይረስ የራሱ መልክ አለው። ይህ ጠባይ አንድ ከባድ ክርክርንም ለመፍታት ረድቷል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቤልጅግ ኮንጎ ለሕዝብ የተሰጠ የፖሊዮ ክትባት በቺምፓንዚ ሕዋስ ተሠርቶ ቫይረሱን ወደ ሰው አሳልፏል የሚል አሳብ በተለይ በ1999 በታተመ አንድ መጽሐፍ ገንኖ ነበር። የተጠረጠሩት እንስሳት በኪሳንጋኒ አቅራቢያ የሚኖሩ ነበሩ። በ2004 የታተመ ጥናት ግን የዚያ አካባቢ ቺምፓንዚዎች ቫይረስ ከኤች አይ ቪ 1 በግልጽ የተለየ ቅርንጫፍ መሆኑን አሳየ። የዛፉ ዘመን ስሌትም መሻገሩ ከክትባቱ አስቀድሞ ብዙ ዓመታት እንዳለፉት ያሳያል።

ልዩነቱ የበዛበት ከተማ

ከላይ ከተጠቀሱት 4 መሻገሮች መካከል ሦስቱ በጥቂት አገሮች ተወስነው ቀርተዋል። ኤም ግን በዓለም ካለው ኤች አይ ቪ ከመቶ 95 የሚበልጠው ሆኗል። ልዩነቱን የፈጠረው ጫካው ሊሆን አይችልም፤ ጫካው ለአራቱም የጋራቸው ነበርና። መልሱ ያለው አንደኛው ምልክት በሚያመለክትበት ስፍራ፥ ማለት በኪንሻሳ ነው።

ኪንሻሳ በቤልጅጎች ዘመን ሌዎፖልድቪል ይባል ነበር፤ ስሙ የተለወጠው በ1966 ነው። በዓለም የታወቁት የኤም ንኡስ ዓይነቶች በየአገሩ ተከፋፍለው ሲገኙ፥ በኮንጎ ግን በአንድ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ። የዓይነቱም ብዛት በሌላ ስፍራ ተወዳዳሪ የለውም። ከዚህ በላይ የቆዩ ሁለት ምስክሮች ከዚሁ ከተማ ተገኝተዋል። አንደኛው በ1959 ለሌላ ምርምር ከአንድ ሰው ተወስዶ የቆየ ደም ሲሆን፥ በውስጡ ያለው የቫይረስ ጽሑፍ በ1998 ታትሟል። ሁለተኛው በ1960 ከአንዲት ሴት ተወስዶ በሰም ውስጥ ተቀምጦ የኖረ የንፍፊት ቁራጭ ነው፤ ጽሑፉ በ2008 ታትሟል። የሁለቱ ጽሑፎች ዘመን የአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ያለው ሲሆን፥ አንደኛው በንኡስ ዓይነት ዲ ሌላው በንኡስ ዓይነት ኤ ግንድ አጠገብ የሚቆሙ በጣም የተራራቁ ዘመዳሞች ናቸው። እንዲህ ያለ ርቀት በጥቂት ዓመት አይፈጠርም። ስለዚህ ቫይረሱ በ1960 በዚያ ከተማ አዲስ እንግዳ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በዚሁ መሠረት በ2008 የተደረገው ስሌት የቡድን ኤምን የጋራ ወላጅ ከ1884 እስከ 1924 ባለው ዘመን አስቀምጦታል፤ በ2014 የታተመ ሰፊ ጥናትም የስርጭቱን መጀመሪያ በ1920 ገደማ በኪንሻሳ አድርጎታል።

ከካሜሩን ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን እስከ ኪንሻሳ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ያለው የዘመኑ ዋና መንገድ የሳንጋ ወንዝ ሲሆን፥ እርሱም ወርዶ ከኮንጎ ወንዝ ይገባል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚህ ወንዝ ላይ የዝሆን ጥርስና የጎማ ንግድ ይመላለስ ነበር። ቫይረሱ የወረደው በዚህ መንገድ እንደ ሆነ የሚታሰበውም ስለዚህ ነው። ከተማው ከደረሰ በኋላ የጠበቀው የኑሮ ሁኔታ ከጫካው መንደር ፈጽሞ የተለየ ነበር። የቅኝ ገዥው መንግሥት ለሥራ ወንዶችን ከየአውራጃው ያሰባስብ ስለ ነበረ፥ በከተማው ከሴቶች ይልቅ ወንዶች እጅግ ይበዙ ነበር። የባቡር ሐዲዱም ከተማውን ከማዕድን አውራጃዎች ጋር አገናኘው፤ በ1940ዎቹ ማለቂያ በዓመት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በባቡር ይመላለስበት ነበር። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ዘመን የእንቅልፍ በሽታንና ቂጥኝን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ በደንብ ሳይቀቀል ለብዙ ሰው ያገለገለው መርፌ ለቫይረሱ መስፋፋት ሳይረዳ አልቀረም ይላሉ። የመርፌውና የሌላው ምክንያት ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ዛፉ ለብቻው አይለይም።

ቫይረሱ የባቡሩን መስመር ተከትሎ ወደ ምቡጂ ማዪና ወደ ሉቡምባሺ መድረሱ ግን በዛፉ ላይ ይታያል። ከዚህ ከደቡባዊው የኮንጎ የማዕድን አውራጃ የተነሣው ንኡስ ዓይነት ሲ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ተስፋፍቶ፥ በዓለም ካሉት በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚሸከሙት ዓይነት ሆኗል። በኢትዮጵያም የሚበዛው ይኸው ነው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ በ1984 በተወሰደ ደም ታውቆ፥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዝግበዋል። ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ የተገኘው ሙሉ የዘር ጽሑፍ በ1996 ታትሞ ለንኡስ ዓይነት ሲ ጥናት መነጻጸሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ውቅያኖሱን ስለ መሻገሩና ስለ ክሱ

ኮንጎ በ1960 ነጻ ስትወጣ የቤልጅግ ሠራተኞች ለቀው ስለ ሄዱ፥ በምትካቸው ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ብዙ የሃይቲ መምህራንና ባለሙያዎች ወደ አገሪቱ ገብተው ሠርተዋል። በአሜሪካና በኤውሮፓ የተስፋፋው ንኡስ ዓይነት ቢ በዛፉ ላይ ሲታይ፥ ከአፍሪቃ ወደ ሃይቲ በ1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ፥ ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ በ1970 ገደማ የተሻገረ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ግን ክሱ አስቀድሞ ተነግሯል። በ1983 የአሜሪካ የጤና ባለ ሥልጣኖች ሃይቲያውያንን በጠቅላላው ለበሽታው ከተጋለጡ ወገኖች መካከል ቆጠሯቸው። ከዝርዝሩ የወጡት በ1985 ነው። በመካከሉ ብዙዎች ከሥራና ከመኖሪያ ቤት ተባረዋል፤ በ1990 ደግሞ ሃይቲያውያን ደም እንዳይለግሱ ተከልክሎ፥ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በዚያው ዓመት ተሰርዟል። የአንድ ሰውም ስም እንዲሁ ጠፍቷል። አንድ ካናዳዊ የአውሮፕላን አስተናጋጅ በሽታውን ወደ አሜሪካ ያስገባ «ዜሮኛው ሕመምተኛ» ተብሎ ከሞተ በኋላ በዓለም ተወራበት። በ2016 የታተመ ጥናት በ1978 እና በ1979 በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ ከተወሰደ ደም 8 የቫይረስ ጽሑፎችን አውጥቶ ከሰውየው ቫይረስ ጋር ቢያነጻጽር፥ የእርሱ ከዛፉ ግንድ ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ መካከል ከአንዱ ላይ ተገኘ። ቫይረሱ በአሜሪካ ከእርሱ አስቀድሞ ለዓመታት ሲዛመት ቆይቷል። ስሙም የመጣው ከአነባበብ ስሕተት ነው፤ በቀድሞው መዝገብ ላይ ሰውየው ከካሊፎርኒያ ውጭ የመጣ መሆኑን ለማመልከት የተጻፈውን የላቲን ፊደል ኦ ሌሎች እንደ ዜሮ አኃዝ አንብበውት ነበር።

ዘዴው የማይናገረው

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ስለ ዘዴው ወሰን ነው። ዛፉ የሚሠራው ከተሰበሰበው ናሙና ብቻ ነው፤ ማንም ያልደረሰበት ጫካ በዛፉ ላይ ቅርንጫፍ የለውም። ስለዚህ «የቫይረሱ መነሻ እዚህ ነው» የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉሙ «እስካሁን ከተመረመሩት ሁሉ ለቫይረሱ የሚቀርበው ዘመድ የተገኘው እዚህ ነው» ማለት ነው። በካሜሩን ጉዳይ ማስረጃው ጽኑ የሆነው ፍለጋው በብዙ ስፍራ ተደርጎ ሌላው ሁሉ ርቆ በመገኘቱ ነው።

ሁለተኛው ስለ ፍርድ ነው። የቫይረሱ የትውልድ ስፍራ በአንዲት የጫካ ማዕዘን ተወስኗል፤ ወረርሽኝ የሆነበት ስፍራም በአንድ ከተማ ተወስኗል። በሁለቱም ስፍራ ግን በደለኛ የሚባል ሕዝብ አልተገኘም። አዳኙ አባቶቹ ያደኑትን አድኗል፤ ሠራተኛው በተጠራበት ባቡር ተሳፍሯል፤ መምህሩ ወደ ተቀጠረበት አገር ሄዶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የፈጀው ወረርሽኝ የተገነባው ከእነዚህ ከተለመዱ ሥራዎች ነው፤ ሥራዎቹን በአንድ መስመር ያገጣጠማቸው ደግሞ በዚያ ዘመን ወንዙን የንግድ መንገድ ያደረገው፥ ሐዲዱን የዘረጋውና ወንዶቹን ያሰባሰበው የቅኝ ግዛት ሥርዓት ነበር። መነሻን ማወቅና በደለኛን መፈለግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

ይህ ልዩነት ለወደፊቱም ምርምር ትልቅ ዋጋ አለው። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ቫይረስ አዳዲስ ዓይነቶች በተገኙባቸው አገሮች ስም መጠራታቸው እንዲቀር ሲል በግሪክ ፊደላት ሰይሟቸዋል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ደቡብ አፍሪቃና ቦትስዋና ኦሚክሮን የተባለውን ዓይነት ለይተው የዘር ጽሑፉን ለዓለም በገለጡ ጊዜ ግን ብዙ አገሮች ወዲያው የአውሮፕላን መንገዳቸውን ዘጉባቸው። በሽታን ቀድሞ ያየ አገር በማየቱ የሚቀጣ ከሆነ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ያየውን ለመናገር ይዘገያል። ዛፉ የሚሠራው አገሮች በፈቃዳቸው ከሚልኩት ናሙና እንደ መሆኑ መጠን፥ የመነሻውን ስፍራ ወደ ክስ መለወጥ በመጀመሪያ የሚጎዳው የምርምሩን ማስረጃ ራሱን ነው።